ለአባባ፦ ስለ ልጅ ልጅዎ ትምህርት ቤት

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ልጅቷ ለስድስተኛ ክፍል የት እንደምትገባ በስልክ ጠይቀውኝ በጥድፊያ ስለመለስኩልዎ፣ አሁን በዝርዝር ልጽፍልዎ ወደድኩ።

እዚህ ልጅ የሚማረው ለሰፈሩ በተመደበው የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ማግኔት የሚባሉት ግን በአንድ ዘርፍ ላይ አተኩረው ከሌላ ሰፈርም ልጆችን ይቀበላሉ፤ ክፍያም የለባቸውም። በእኛ ሞንትጎመሪ ካውንቲ (እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር ነው) ካሉት ማግኔቶች፣ ታኮማ ፓርክ የሚባለው ትምህርት ቤት በሒሳብ፣ በሳይንስና በኮምፒዩተር፣ ኢስተርን ደግሞ በሥነ ጽሑፍና በመገናኛ ብዙኃን ሥራ ይታወቃሉ። ለሁለቱ የትምህርት ቢሮው ራሱ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎችን ውጤት መርምሮ ብቁዎቹን ከለየ በኋላ፣ ቦታው ስለማይበቃ ዕጣ ያወጣል። ዕድሜዎን ሙሉ ተማሪን በውጤቱ ሲመዝኑ የኖሩ መምህር ስለሆኑ ዕጣ ሲባል ቅር እንደሚልዎ አውቃለሁ፤ እኔንም ብቁ ሆኖ የሚቀረው ልጅ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ግን የዕጣው ሳይሆን የወንበሩ ማነስ ይመስለኛል።

ፓርክላንድ፣ አርጋይልና ሎይደርማን የሚባሉት ሌሎቹ ማግኔቶች ግን ውጤት አይጠይቁም፤ ወላጅ ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል። ፓርክላንድ በበረራና በጠፈር ቴክኖሎጂ፣ አርጋይል በዲጂታል ሥራ፣ ሎይደርማን በቴአትር፣ በሙዚቃና በውዝዋዜ ላይ ያተኩራሉ። የትምህርት ቢሮው መግለጫዎችን በአማርኛም ስለሚያወጣ ባለቤቴና እኔ ለየብቻ አንብበን ተወያየንበት።

ብዙ ወላጆች የሚያወዳድሩት ኢንተርኔት ላይ በሚሰጠው ደረጃ ነው። እኔ ግን አልተማመንበትም፤ ለምሳሌ የኢስተርን ነጥብ በልዩ ፕሮግራሙ የተመረጡትንና ከሰፈሩ የሚመጡትን ልጆች አንድ ላይ ደምሮ የሚያሳይ በመሆኑ ስለ ፕሮግራሙ ብዙም አይነግረኝም። ሎይደርማንን ስንጎበኝ አንዲት ተማሪ አንድ አጭር ቃለ ተውኔት ደጋግማ ስትለማመድ፣ መምህሯ በየመሃሉ እያስቆመች «ለማን ነው የምትናገሪው?» ስትላት አየሁ፤ ከየትኛውም ቁጥር ይልቅ ይህ አሳመነኝ።

ጓደኞቻችን ስለ ፈረንሳይኛ ትምህርት ቤቶቹ ብለው ወደ ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ እንድንዛወር ይመክሩናል። እዚያ ያሉት ልጆች ግን ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምረው በፈረንሳይኛ የተማሩ ስለሆኑ ለእኛ ልጅ ጊዜው አልፏል።

ስለዚህ ክራር መማር የጀመረችውን ልጃችንን አስበን ሎይደርማንን አንደኛ፣ አርጋይልን ሁለተኛ አድርገን ሞልተናል። ውጤቱ እንደታወቀ እደውልልዎታለሁ፤ እማማን በጣም ሳሙልኝ።

አክባሪ ልጅዎ