የእንጨት ሥራና የሙዚቃ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ የዋንዛ ጊታርና የጎማላካ ቅቡ

የክበቡ የዘንድሮ ዋና ሥራ የኤሌክትሪክ ጊታር ነበር። አካሉ ከደረቀ ዋንዛ፣ ጣት የሚያርፍበት የአንገቱ ገጽ ከወይራ ተሠርቷል። ፒክአፖቹ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጡት)፣ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚያርፉበት) እና የክር መቃኛዎቹ ተገዝተው የመጡ ናቸው። የእንጨቱ ሥራ በኅዳር አለቀ። ጊታሩን ያዩት ሁሉ አብዝተው የሚጠይቁት ስለ ቅቡ ስለሆነ ዘገባው እዚያው ላይ ያተኩራል።

የተመረጠው ጎማላካ፣ ሼላክም የሚባለው ነው። በሕንድና በታይላንድ ዛፎች ላይ የሚኖሩ ጥቃቅን ነፍሳት የሚያመነጩት ሙጫ ሲሆን ተጣርቶ በስስ ቅርፊት መልክ ይሸጣል። መርጫ ማሽን አይፈልግም፤ የዋንዛውንም ቡናማ መልክ ያጎላል። ትልቁ ጥቅሙ ግን አዲሱ ቅብ አሮጌውን በጥቂቱ አሟሙቶ አብሮት አንድ መሆኑ ነው። ስለዚህ የተጫረ ቦታ ሁሉም ሳይፋቅ ይጠገናል።

መጠኑ ለ200 ሚሊ ሊትር አልኮል 25 ግራም ቅርፊት ነው። ከዚህ ከወፈረ ቶሎ ይጎትታል፣ መስመርም ይተዋል። በጠርሙስ ውስጥ አልፎ አልፎ እየተናጠ ያድርና በነጠላ ይጣራል። ብረት ሲነካው ስለሚጠቁር በቆርቆሮ አይቀመጥም። አልኮሉ 95 በመቶና ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ለቁስል የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ውሃው ቅቡን ያነጣዋል፤ አባላት በምትኩ ይሆን እንደሆነ የጠየቁት ዳግም አረቄማ ከግማሽ የማያንሰው ውሃ ነው። ሜታኖል የተባለው የአልኮል ዓይነት ዓይን የሚያጠፋ መርዝ ስለሆነ ወደ ክፍሉ አይገባም። ብርዱ ቢከፋም ቅብ በሚቀባበት ክፍል የከሰል ምድጃ ፈጽሞ አይቀመጥ፤ የአልኮል ትነት በእሳት ይያያዛል።

እንጨቱ በቃጫው አቅጣጫ በ120፣ በ180 ከዚያም በ240 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ይለሰልሳል። በእርጥብ ጨርቅ ሲታበስ ጸጉሩ ይቆማል፤ ሲደርቅ በ320 ይወገዳል። አንገቱ የሚገባበት ጎድጓዳ በወረቀት ፕላስተር ይሸፈናል፤ ቅብ ከገባበት አንገቱ አልገባም ይላል። የኤሌክትሪክ ሥራው ከቅቡ በኋላ ይሁን፤ ሲቀባ አልኮሉ ገመድና ፒክአፕ ላይ እንዳይፈስ። ገመዱ ሲበየድም ጥንቃቄ ያሻል፤ ጎማላካ 75 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ መለስለስ ይጀምራል።

መቀቢያው በታጠበ አቡጀዲ የተጠቀለለ ጥጥ ነው። ተነክሮ እጅ ላይ እስከማይንጠባጠብ ይጨመቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቅቦች በቃጫው አቅጣጫ፣ በየመካከላቸው አንድ ሰዓት እየተጠበቀ ይቀባሉ። የዋንዛ ቀዳዳዎች ክፍት ስለሆኑ ከዚያ በኋላ ጥቂት የፐሚስ (ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) ዱቄት አልኮል በነካው ጨርቅ ላይ ተነስንሶ በክብ ክብ ይታሻል። ቀጥሎ ያሉት ቅቦች ክብና ስምንት ቁጥር እየሠሩ ይሄዳሉ። ጨርቁ ሲጎትት አንድ ጠብታ ዘይት ይበቃዋል። ዋናው ትእዛዝ ጨርቁ እንጨቱ ላይ ፈጽሞ እንዳይቆም ነው፤ እየተንሸራተተ ይገባል፣ እየተንሸራተተ ይወጣል። ከቆመ አልኮሉ ከሥር ያለውን ያሟሟዋል፣ ጨርቁም ይዞት ይነሳል። ዘይቱ በመጨረሻ አልኮል ብቻ በነካውና ደረቅ ሊሆን በተቃረበ ጨርቅ ይጠረጋል። ካልተጠረገ ውሎ አድሮ ገጹን ያደበዝዘዋል።

ክበቡ ባለበት በደብረ ብርሃን ከፍታ፣ ከባሕር ወለል 2,800 ሜትር ግድም፣ ዋናው ጠላት እርጥበት ነው። አልኮል ሲተን ገጹን ያቀዘቅዘዋል፤ የአየሩ እርጥበት እዚያ ይጤዝና ቅቡ ውስጥ ጉም የመሰለ ንጣት ይቀራል። በውርጭ ያደረ እንጨት ተማሪ የሞላበት ክፍል ገብቶ ወዲያው ከተቀባ ይህ አይቀሬ ነው። ስለዚህ ሥራው በታኅሣሥና በጥር፣ ከቀኑ 5 እስከ 9 ሰዓት፣ እንጨቱ ክፍሉ ውስጥ ከሞቀ በኋላ ብቻ ተሠራ። በክረምት ባይሞከር ይሻላል። ንጣቱ ከታየ አልኮል የነካው ጨርቅ በቀላሉ አንድ ጊዜ ይለፍበት፤ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል።

ቅቡ ብሪጁና መቃኛዎቹ ከመታሰራቸው በፊት ሁለት ሳምንት ደረቀ፤ በላዩም ንጹሕ የንብ ሰም በስሱ ታሸ። ሰም ካረፈ በኋላ አዲስ ጎማላካ ስለማይይዝ ለጥገና መጀመሪያ ሰሙ ይነሳል። ሳኒታይዘር የተቀባ እጅ ጊታሩን አይንካ፤ አልኮሉ ቅቡን ያሟሟዋል።

የተሟሟ ጎማላካ ከስድስት ወር በኋላ በደንብ አይጠነክርም። ከታኅሣሥ የተረፈው ጠርሙስ ቀኑ ተጽፎበት መደርደሪያው ላይ አለ፤ በመስከረም ለሁለተኛው ጊታር እንዳይውል። ያልተሟሟው ቅርፊት በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ተቀምጧል፤ ከእሱ አዲስ ይበጠበጥ። ከመቀባቱም በፊት አንድ ጠብታ መስታወት ላይ ይሞከር፤ በማግሥቱ ጥፍር ከሰረጎደበት ይደፋ።