ግማሹ ጣሪያ አሁንም ሰማይ ነው፦ ከደብረ ማርቆስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለቀድሞ ተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለወላጆች፣ በአገር ቤትም በውጭም ላላችሁ የትምህርት ቤታችን ልጆች ሁሉ፤

ጤና ይስጥልን። እንደምን ከረማችሁ? አዎ፣ እኛው ነን። ደግመን መጣን። «እነዚህ ሰዎች ደግሞ ገንዘብ ሊጠይቁ ነው» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ልክ ነው፤ ልንጠይቅ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም አንጽፍም። ይህን የምታነቡ ሁሉ የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

የሆነውን አብዛኛው ሰው ሰምቷል። ያልሰማ ካለ በአጭሩ ይኸው። የሐምሌ ገብርኤል ማግስት ሌሊት ዝናቡ ከበረዶ ጋር ወረደ። ማርቆስ የኖረ ሰው የሐምሌን ዝናብ ያውቀዋል። ከጮቄ በኩል የሚመጣው ነፋስ ሲጨመርበት ደግሞ ሌላ ነው። ሊነጋጋ ሲል የጥበቃው አባባ ድምፅ ሰሙ። «ተኩስ መስሎኝ መሬት ተኛሁ» አሉን። ሲነጋ የድሮው ሕንጻ ጣሪያ ወደ ውስጥ ገብቷል። የጓሮው ግድግዳም አብሮት ወርዷል።

ክረምት ስለነበር ተማሪ አልነበረም። ሰው አልተጎዳም። ተመስገን ነው። በጥቅምት ቢሆን ኖሮ የሚለውን አናነሣውም።

ጥፋቱ የምስጥ ነው። የጣሪያው ባሕር ዛፍ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ውስጡ ግን ዱቄት ሆኖ ነበር። እኛም ኮሚቴ ሆነን ከሥሩ ስንት ጊዜ ስብሰባ ተቀምጠናል!

በዚያ ሕንጻ አራት የመማሪያ ክፍሎችና መዝገብ ቤቱ ነበሩ። የክፍሎቹ ነገር ግልጽ ነው። ስለ መዝገብ ቤቱ ግን ትንሽ ማለት እፈልጋለሁ፤ ብዙ ሰው «ወረቀት ነው፣ ምን አለበት» ሲል ሰምቻለሁ።

ጠዋት ስንደርስ መዝገቦቹ ውሃ ላይ ነበሩ። እነዚያ ትልልቆቹ፣ ጠንካራ ልባስ ያላቸው፣ በቀለም ብዕር የተጻፉት። የተማሪው ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበት ወረዳ፣ ውጤት፣ ጠባይ። በአዳራሹ ወለል ላይ ገጽ በገጽ ዘርግተን፣ ጥግ ጥጉን በጠጠር ይዘን ስናደርቅ ሰነበትን። የ11ኛ ክፍል ልጆች ሊያግዙ መጥተው ነበር። አንዷ በድንገት ጮኸች። የአያቷን ስም አገኘች። ሒሳብ 41 ነው ያመጡት። «እኔን ግን ሰነፍ ይሉኛል» ብላ ሳቀች፤ እኛም ሳቅን። ከዚያ ሁሉም የራሱን ዘመድ መፈለግ ጀመረና ሥራው ቆመ።

የ1967ን መዝገብ ያገኘሁት እኔ ነኝ። የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ገጾች ባዶ ናቸው። መስመሩ ተሰምሯል፤ ስም የለም። በዚያ ዓመት ልጆቹ ሁሉ ዕድገት በኅብረት ዘምተዋል። ከ60 ሺህ በማያንሱ ዘማቾች ውስጥ የእኛዎቹም ነበሩ። አንዳንዶቹ ተመልሰው ቀጣዮቹ ገጾች ላይ ይገኛሉ። አንዳንዶቹ የሉም። እስከዚያ ቀን ድረስ ይህን ሕንጻ የማየው እንደ ሕንጻ ብቻ ነበር፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

አሁን ወደ ጥያቄው። «አፍርሶ አዲስ መሥራት አይሻልም ወይ?» ብላችሁ ብዙዎቻችሁ ጽፋችሁልናል። መሐንዲስ የሆነ የቀድሞ ተማሪያችን በነጻ መጥቶ አይቶታል። የፊቱና የጎኑ ግንብ ደህና ነው። ድንጋዩ ገና ስንት ዘመን ይኖራል። የሞተው ጣሪያውና የጓሮው ግድግዳ ነው። አፍርሶ መሥራት ደግሞ እኛ ከምንጠይቀው ገንዘብ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። ያ ገንዘብ የለም። እንኳን እሱ፣ ይሄም የለም።

ሌላም ምክንያት አለ። ይህ ትምህርት ቤት በቀላሉ የተገኘ አይደለም። ጎጃም ትምህርት አልነበረውም ለማለት አይደለም፤ እንዲህ የሚል ሰው ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን አያውቅም ማለት ነው። ቅኔ ፍለጋ አገር ምድሩ የሚመጣው ወደ እኛ ነበር። የዘመናዊው ትምህርት ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆነ። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900፣ ተፈሪ መኮንን በ1917 ሲከፈቱ ሁለቱም አዲስ አበባ ናቸው። የጎጃም ልጅ ስንቁን ቋጥሮ፣ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ፣ 300 ኪሎ ሜትር ያህል መሄድ ነበረበት። ዮፍታሔ ንጉሤ ከደብረ ኤልያስ፣ ሀዲስ ዓለማየሁ ከእንዶዳም ኪዳነ ምሕረት የቅኔውን ቤት አይተው ዓባይን ተሻገሩ። የእነሱን ስም እናውቃለን። በረሃውን ፈርቶ ወይም ስንቅ አጥቶ የቀረው ልጅ ግን ስንት ነው?

ከዚያ ጣልያን መጣ፤ የነበረው ጅምርም ተቋረጠ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ሲመለሱ መጋቢት 28 ቀን 1933 ማርቆስ ገቡ። አዲስ አበባ የገቡት ከአንድ ወር ገደማ በኋላ፣ ሚያዝያ 27 ነው። (ይህን የማርቆስ ሰው ሲያወራ ሰምታችሁ ሰልችቷችሁ ይሆናል። እኛ አልሰለቸንም።) በየክፍለ ሀገሩ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ነገር የተነሣውም ከዚያ ወዲህ ነው። ልጅ ዓባይን ሳይሻገር እዚሁ ማትሪክ መውሰድ ቻለ። ለመንቆረር፣ ለድሮዋ ማርቆስ፣ ያውም ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ለነገሡባት ከተማ፣ ትንሽ ነገር አልነበረም።

መምህር ግን ከየት ይምጣ? ህንዶቹን የማያስታውስ የለም። በ1955 የሰላም ጓድ አሜሪካኖች ወደ ኢትዮጵያ መጥተው በየክፍለ ሀገሩ ሲበተኑ ለእኛም ከተማ ደረሱ። ከ1957 ጀምሮ ደግሞ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለአንድ ዓመት አገልግሎት ይወጡ ነበር። ታላላቆቻችን ስለ እነሱ ሲያወሩ ዛሬም ፊታቸው ይበራል። ከተማሪዎቹ የሚበልጡት በጥቂት ዓመት ብቻ ነበር። እንግሊዝኛ አስተምረው ይወጡና ማታ ስለ መሬት ላራሹ ያወራሉ።

ተማሪውስ? የከተማው ልጅ ከቤቱ ይመጣል። የብዙዎቻችን ታሪክ ግን ሌላ ነው። ከጎዛምን፣ ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከአነደድ የመጣን ነን። ለአራት ለአምስት አንድ ክፍል ተከራይተን፣ በአንድ ኩራዝ አጥንተን፣ በገበያ ቀን እናት የምታመጣውን ስንቅ ጠብቀን። ሰኞ ትኩስ እንጀራ ነው። ረቡዕ ይደርቃል። ዓርብ ድርቆሽ ነው። በሶ ያለው ልጅ ጌታ ነበር። ዛሬም እንደዚሁ ነው፤ ከኩራዙ በቀር። ጣሪያ ሲወርድ በፈረቃ የሚጨናነቀው እንግዲህ ይሄ ልጅ ነው። ከሰዓት በኋላ ፈረቃ ሲገባ ማታ ነው የሚወጣው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ወላጅ «ይቅርባት» ይላል። ባለፈው ዓመት እንዲህ ብለው ልጃቸውን ያስቀሩ አባት ቢሮ ድረስ መጥተው ነግረውናል። መልስ አልነበረንም።

ስለ ውጤት የምታነሡ አላችሁ። «ተማሪው ይወድቃል፣ እናንተ ቆርቆሮ ትላላችሁ» ያለን ሰው አለ። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና በአገር ደረጃ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከ100 ተፈታኝ 3 ያህሉ ነው። እኛም ቁጥሩን አይተን አዝነናል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ መንገድ የተዘጋበት፣ ኔትወርክ የጠፋበት፣ ትምህርት የተቋረጠበት ጊዜ ብዙ ነው። ቆርቆሮ ፈተና አያሳልፍም። ዝናብ በሚያንጠባጥብበት ክፍል ግን ማንም ፊዚክስ አያስተምርም።

አሁን የገንዘቡ ነገር። ቅር ያላችሁ እንዳላችሁ ስለምናውቅ ሳንሸሽ እንናገር።

ሥራው በሙሉ 2,800,000 ብር ይጠይቃል። እስከ ዛሬ ያሰባሰብነው 1,120,000 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ ለቆርቆሮና ለምስማር 412,000፣ ለጣሪያው ብረት 286,500፣ ለወደቀው ግድግዳ ብሎኬትና ሲሚንቶ 248,800፣ ለባለሙያና ለቀን ሠራተኛ 117,000 ብር ወጥቷል። በድምሩ 1,064,300 ብር። በእጃችን ያለው 55,700 ብር ነው። በዚህም ገንዘብ ሁለት ክፍሎች አልቀው ተማሪ ገብቶባቸዋል። ይህ ሥራ መንገዱ ክፍት ሆኖ ሲሚንቶ በተገኘባቸው ሳምንታት ብቻ የተሠራ መሆኑን አትርሱልን። ሁለት ክፍሎችና መዝገብ ቤቱ ቀርተዋል። የሚጎድለን 1,680,000 ብር ነው። ይህ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ክፍሎች ከወጣው የበለጠው፣ መዝገብ ቤቱ መደርደሪያና ኮርኒስ ስለሚፈልግ፣ የብረትም ዋጋ ስለጨመረ ነው።

«ለምን ባለ 32 ጌጁን አልገዛችሁም? ይረክስ ነበር» ተብለናል። ይረክሳል፤ ግን ስስ ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ እኛ የገዛነው ባለ 28 ነው። የማርቆስን በረዶ የሚችል እንዲሆን ብለን ነው። «ለምን እንጨት አልሆነም?» ለሚለው መልሱ ምስጡ ነው። «አምና አጥር ከማጠር ጣሪያውን ለምን ቀድማችሁ አላያችሁም?» ለሚለው ግን መልስ የለንም። ማየት ነበረብን። አጥሩ ያስፈልግ ነበር፤ የግቢው መሬት በየዓመቱ እየተገፋ ነበር። የሴቶች መጸዳጃ ቤቱም፣ የውሃ ሮቶውም ያስፈልጉ ነበር። በእነሱ አናፍርም። ግን ጣሪያው ላይ መሰላል አስደግፎ የወጣ ሰው አልነበረም።

ስለ ምሳው ደግሞ። በገቢ ማሰባሰቢያው ቀን ለቀረበው ዶሮ ወጥ መዋጮው አልተነካም። የወላጆች ኮሚቴ እናቶች ከየቤታቸው አዋጥተው የሠሩት ነው። ይህን ለሦስተኛ ጊዜ መጻፌ ነው፤ ከዚህ በኋላ አልጽፍም።

የሁሉም ወጪ ደረሰኝ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ አለ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ማየት ይቻላል። እስካሁን የመጡት ሁለት ሰዎች ናቸው። ሁለቱም አይተው ሲወጡ ጨምረው ሰጥተዋል።

ስለ አሰጣጡ እባካችሁ በጥንቃቄ አንብቡ። ገንዘቡ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ስም በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በተከፈተው ሒሳብ ብቻ ነው። የሚንቀሳቀሰው በሦስት ፈራሚዎች ነው። የሒሳብ ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው ሆን ብለን ነው። ባለፈው ጥሪያችን ላይ ጽፈነው አንድ ሰው ቁጥሩን ቀይሮ በቴሌግራም በተነው፤ ሁለት እህቶቻችን ገንዘባቸውን አጡ። ስለዚህ ቁጥሩን ማኅተም ካለበት ደብዳቤ ላይ ብቻ ውሰዱ። ደብዳቤው በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አለ። የየባቹ ተወካዮችም ይዘውታል። ውጭ ያላችሁ ከተወካያችሁ ጋር በስልክ ተነጋግራችሁ፣ ድምፁን ሰምታችሁ ተቀበሉ። ከላካችሁ በኋላ የባንኩን ወረቀት ፎቶ ለተወካያችሁ ስጡ፤ ደረሰኝ ይቆረጥላችኋል። ደረሰኝ ካልደረሳችሁ ዝም አትበሉ።

ገንዘብ የሌለው በዓይነት ይስጥ። ሲሚንቶ፣ ምስማር፣ ቀለም፣ የአንድ ቀን ጉልበት፣ ሁሉም ይመዘገባል። ባለፈው ወር ከአንድ ቀበሌ የመጡ ገበሬዎች እንደ ወንፈል ተጠራርተው አሸዋውን በአንድ ቀን ከመንገድ ወደ ግቢ አስገብተውልናል። ከእነሱ ውስጥ እዚህ የተማረ አንድም የለም። ልጆቻቸው ግን እዚህ ናቸው።

ሃምሳ ሎሚ የሚለውን ተረት ዘንድሮ አንጠቅስም። በሦስት ደብዳቤ ጠቅሰነው ሎሚው አልመጣም። ሌላ ነገር እናስታውሳችሁ። በዚህ አገር ቆሎ ተማሪ በየደጁ ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ነው የተማረው። እሱን ያበላው አገሬው ነው፤ ብዙው ራሱ ፊደል ያልቆጠረ። አቡጀዴ የለበሰች እናት ከሌማቷ ቆርሳ ስትሰጥ «ምን ውጤት አመጣህ» አላለችም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችንም ሰደቃቸውን ለዚህ ግቢ ሳይነፍጉ ኖረዋል። አሥራታችሁንም ዘካችሁንም ቀንሱ አንልም። ከዚያ የተረፈውን ግን ፈልጉልን።

ፋሲካው አልፏል። ግንቦት ሲጋመስ ዝናቡ ይጀምራል። አናጺዎቹ «ብረቱ እስከ ግንቦት 10 ካልገባ ክረምቱን አንሠራም» ብለውናል። መዝገቦቹ በአሁኑ ሰዓት ዕቃ ቤት ውስጥ በሸራ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሸራው ሁለት ቦታ ተቀዷል። እርጥበት ከገባ የቀለም ብዕሩ ጽሑፍ እንደሚሟሟ ባለፈው አይተናል። ትራንስክሪፕት የሚጠይቅ ሰው በየሳምንቱ ይመጣል፤ «ቆይ፣ ገና እየለየን ነው» እያልን እንመልሳለን።

ስማችሁ በደረቁት ገጾች ላይ መኖሩን ማወቅ የምትፈልጉ፣ የገባችሁበትን ዓመት ለተወካያችሁ ንገሩት። እንፈልግላችኋለን። ገንዘብ ባትሰጡም እንፈልግላችኋለን።

የጣሪያ ጥገና ኮሚቴው ጸሐፊ

ድጋሚ ማሳሰቢያ፦ በትምህርት ቤቱ ስም ወደተከፈተው የንግድ ባንክ ሒሳብ ብቻ። ቁጥሩ ከባለ ማኅተሙ ደብዳቤ ብቻ። የኮሚቴው አባል ነኝ ቢልም፣ እኔን ራሴን ነኝ ቢልም፣ በግለሰብ ስም ወደተከፈተ ሒሳብ ወይም ቴሌብር አትላኩ።