ወገቤን ለደገፋችሁልኝ ሁሉ

ለዚህ ቀን ላበቃኝ ፈጣሪ ክብር ምስጋና ይግባው። የጀርባዬ ቀዶ ጥገና በሰላም አልቆ፣ ያለ ምርኩዝ መራመድ ጀምሬያለሁ። ስትደውሉ፣ ስትጸልዩ፣ ስትመላለሱ ለከረማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈልልኝ።

እህቶቼ፣ ገላዬን አጥባችሁ ካልሲዬን ሳይቀር አልብሳችሁኛል። ጎረቤቶቼ፣ አጥሚቱ ከፔርሙሱ ጎድሎ አያውቅም። ሌሊት ሕመሙ ሲበረታ ፊታችሁን ሳታጠቁሩ የመጣችሁልኝ ነርሶች፣ ክፉ አይንካችሁ።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዬን ለብቻው ላመስግን። መቆም ፈርቼ ሳለቅስ አልተቆጣኝም። ስልኩን አውጥቶ የአሜሪካዊቷን ዘፋኝ የግሎሪያ ጌይነርን «አይ ዊል ሰርቫይቭ» (እተርፋለሁ) የሚለውን የዲስኮ ዘፈን ከፈተልኝ። ፒያኖው ሲንደረደር የብረቱን መደገፊያ ጨብጬ እቆማለሁ፤ ከበሮው ሲገባ ቀኝ እግሬን አነሳለሁ። የዲስኮ ምት አይዛነፍም። ቀጣዩ እርምጃ መቼ እንደሆነ እግር ራሱ ያውቀዋል።

ታሪኳን የነገረኝም እሱ ነው። ኒው ጀርሲ፣ ኒውአርክ ከተማ በፈረንጆቹ 1943 የተወለደችው ግሎሪያ፣ በ1978 ኒው ዮርክ ቢከን ቲያትር መድረክ ላይ ወደቀች። በማግስቱ ከወገቧ በታች አልንቀሳቀስ አላት። አከርካሪዋ ቀዶ ጥገና ተደረገለት። ያን ዘፈን ስቱዲዮ ገብታ የቀዳችው የጀርባ መደገፊያ ታጥቃ ነው። እኔም ያኔ ታጥቄ ነበር! ይህን ስሰማ ሰውነቴን ወረረኝ።

አሳታሚዎቹ ዘፈኑን ብዙም ከማይደመጠው ከሸክላው ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበር ያደረጉት። እሷ ግን አምናበት ስቱዲዮ 54 ለሚባለው ጭፈራ ቤት ዲጄ ወስዳ ሰጠችው። በ1979 አሜሪካም እንግሊዝም አንደኛ ወጣ። በ1980 ደግሞ ግራሚ የሚባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሽልማት ድርጅት ለዲስኮ አንድ ጊዜ ብቻ የሰጠውን ሽልማት አገኘ። እኔን ይበልጥ ያጽናናኝ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ2020፣ በ76 ዓመቷ፣ በመዝሙር አልበሟ ሌላ ግራሚ ወሰደች። ከመጀመሪያው 40 ዓመት በኋላ ማለት ነው። እኔ አልጋ ላይ ሆኜ «ከእንግዲህ ምን እሆናለሁ?» እያልኩ ሳስብ፣ ይቺ ሴት ለካ ስንት ዘመን ቆማ ዘፍናለች!

አታውቀኝም፤ እኔ ግን ውለታዋን አልረሳም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

በመጪው ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ቡና ይፈላል። ስትጠይቁኝ የከረማችሁ ሁሉ ኑልኝ። በሩን የምከፍትላችሁ እኔው ነኝ።