እማዬ፣ ቀብዱን እንዳትቀበዪ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ትናንት ስልኩ እየተቆራረጠ ስለ ቤቱ ሽያጭ በደንብ አልተነጋገርንም። ደላላው ቀብድ ልስጥዎት ካለ ብሩን እንዳትነኪው። ቀብድ የተቀበለ ሰው ሐሳቡን ከለወጠ እጥፉን ነው የሚመልሰው። ሕጉ እንደዚያ ነው፤ እሱም አሳምሮ ያውቀዋል።

ለመሆኑ ገዢው፣ ፎቅ የሚሠራው አልሚ፣ ቤቱን ገብቶ አይቶታል? ወረቀቱ ላይ የሚሸጠው ቤቱ ነው፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነውና። ግን አልሚው የጭቃ ቤታችን ምን ያደርግለታል? በማግሥቱ ያፈርሰዋል። የሚፈልገው ቦታውንና የሚቆምበትን ፎቅ ነው። ግራና ቀኝ ያሉትን ግቢዎች ገዝቷል አላልሽኝም? መሃል የቀረሽው አንቺ ነሽ። ያላንቺ ሁለቱ አይገጥሙለትም። ታዲያ ማን ነው መቸኮል ያለበት?

‹‹ዛሬ ካልሸጡ ነገ ኮሪደር ይመጣል›› ማለቱ በጣም አናደደኝ። ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ስላየሽ መደንገጥሽ አይገርምም። ግን የከተማ ፕላን የሚያወጣው ደላላ አይደለም። ክፍለ ከተማ ሄጄ ፕላኑ ምን እንደሚል፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቅድ እጠይቃለሁ። ዋጋ የምናወራው ከዚያ በኋላ ነው።

ደግሞ ካርታው ገና በአባዬ ስም ነው። መጀመሪያ የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት እናውጣ፣ ስሙ ይዙር። በውርስ ሲተላለፍ ነባር ይዞታነቱ፣ ማለት ያለ ሊዝ የተያዘ መሆኑ፣ አይነካም። ሲሸጥ ግን በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ መሠረት ገዢው ወደ ሊዝ ይገባል፤ ቦታውን ለመንግሥት እየከፈለ ነው የሚይዘው። ‹‹ሊዙን የምከፍለው እኔ ነኝ›› ብሎ ዋጋ ሊሰብርብሽ ይሞክራል። አትዘኚለት፣ አስልቶ ነው የመጣው።

ያ የአሜሪካው ልጅሽ ‹‹ብሩ ይቅር፣ በምትኩ ሁለት አፓርታማ እንቀበል›› ይላል። ለእሱ ቀላል ነው! ሕንፃው እስኪያልቅ ኪራይ ቤት የምትንከራተቺው አንቺ። አልሚው መሃል ላይ ገንዘብ ቢያጥረውስ? እንዲህ ከሆነ ደግሞ የቤቱ ስፋት፣ የማስረከቢያው ቀን፣ ኪራይሽን ማን እንደሚከፍል ሁሉም ውሉ ላይ ይጻፍ። ስንተኛ ፎቅ እንደሚደርስሽም እንዳይረሳ፤ መብራት ሲጠፋ በዚያ ጉልበት ሰባተኛ ፎቅ አትወጪም። ፊርማውም ሰነዶች ማረጋገጫ እንጂ ደላላው ቢሮ አይደለም።

አትሽጪ እያልኩሽ አይደለም። ቤቱ የአንቺ ነው፣ ከደከመሽ እንሸጣለን። ቅዳሜ እመጣለሁ። ካርታውንና የአባዬን የሞት ምስክር ወረቀት አውጥተሽ ጠብቂኝ። ደላላው ከመጣ ‹‹ልጄ ይምጣ›› በይው፤ ቡና እንኳ አታፍዪለት።

ልጅሽ