የእማዬ ክፍል ሙቀትና የሚመለሰው ገንዘብ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ጥር 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለእትዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? ጋሼ፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት። አሁን ይሄን ስጽፍልሽ እታች ክፍሏ ሆና ጸሎቷን እያደረሰች ነው።

በጥቅምት ስትደውዪላት «ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ» ስላለችሽ ሆድሽ ሲባባ እንደሰነበተ አውቃለሁ። እኔም ያን ቀን ሥራ ላይ ስለነበርኩ «አታስቢ፣ እያስተካከልነው ነው» ብዬሽ ዘጋሁት። ከዚያ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አመጣሽ። የጋሼ የእህት ልጅ ቨርጂኒያ ቤት ሊገዛ ነው፣ «አሜሪካ ውስጥ ስማርት ቴርሞስታት (በዋይፋይ የሚሠራ የቤት ሙቀት መቆጣጠሪያ) ለሚያስገባ ገንዘብ ይመልሳሉ» ብሎኛል፣ እውነት ነው ወይ አልሽኝ። እውነት ነው። ግን ገሚሱ ጊዜው አልፎበታል፣ ገሚሱ ደግሞ ሳይገዛ በፊት ደንቡን ላጣራ ሰው ነው የሚሠራው። በስልክ የሚያልቅ ነገር ስላልሆነ ጻፍኩት። አንብቢውና ለሱም ላኪለት።

መጀመሪያ የቤቱን ነገር ልንገርሽ። ፎቶውን አይተሽዋል፤ ጠበብ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ባለ ሦስት ደረጃ ታውንሃውስ ነው። እማዬን ደረጃ መውጣት ጉልበቷን ስለሚያማት ከታች ነው ያደረግናት። ማሞቂያው ግን ለቤቱ በሙሉ አንድ ነበር። ትእዛዝ የሚሰጠው ቴርሞስታትም አንድ ነው፣ እሱም የተሰቀለው መሀል ፎቅ ኮሪደሩ ላይ። መሀሉ ሲሞቅለት ማሽኑ ይጠፋል። ሞቃት አየር ደግሞ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ላይ ፎቅ ልጆቹ ላብ ሲያጠምቃቸው በዚያ ብርድ መስኮት ይከፍታሉ፣ ታች ያለው ክፍል ደግሞ እግር ያደነዝዛል። የከፈልሽበት ሙቀት በመስኮት ሲወጣ እያየሽ እናትሽ ታች ጋቢ ደርባ ስትንቀጠቀጥ ማየት እንዴት እንደሚያንገበግብ አንቺው ገምቺው።

የደብረ ብርሃን ሰው ብርድ ብርቁ አይደለም፣ ትዪኝ ይሆናል። የጠዋቱን ውርጭ እሷም አንቺም ታውቁታላችሁ። እዚያ ግን ከሰል ይያያዛል፣ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እዚህ ፀሐይ ብትወጣም አታሞቅም፣ ሰው ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ነው። በዚያ ላይ ዕድሜ አለ።

ያደረግነው ቤቱን በዞን መከፋፈል ነው፤ እያንዳንዱ ፎቅ ለብቻው እንዲሞቅ ማለት ነው። የድሮው የጋዝ ማሞቂያም ኤሲውም አርጅተው ስለነበር ሁለቱንም አውጥተን ሂት ፓምፕ አስገባን። በብርድ ጊዜ ከውጭው አየር ሙቀት ስቦ ያስገባል፣ ሲሞቅ ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ውጭ ያወጣል። ከዚያ አየር በሚያስተላልፉት ቱቦዎች ውስጥ በሞተር የሚከፈቱና የሚዘጉ ክዳኖች ገቡ። ዳምፐር ይሏቸዋል፤ ሥራቸው ልክ እንደ ውሃ ቧንቧ መዝጊያ ነው። ለእያንዳንዱ ፎቅ የራሱ ስማርት ቴርሞስታት ተሰቀለ፣ ሦስቱም አንድ መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ላይ ይገናኛሉ። አሁን ታች ሲቀዘቅዝ የታቹ ክዳን ይከፈታል፣ የላዩ ተዘግቶ ይቆያል።

ኤሌክትሪክ ለሚማረው ልጅሽ ይሄን ንገሪልኝ፣ ደስ ይለዋል። ቴርሞስታቱ የሚሠራው በ24 ቮልት ነው። ቴክኒሻኑ የድሮውን ከግድግዳው ላይ ሲፈታው አራት ቀጫጭን ሽቦ ወጣ፤ ቀይ፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ከኋላ ደግሞ ተጠቅልሎ የተቀመጠ፣ ማንም ያልነካው ሰማያዊ ሽቦ ነበር። ቴክኒሻኑ ሲያየው ፊቱ በራ። ዋይፋይ ያለው ቴርሞስታት ሳይቋረጥ ኃይል ማግኘት አለበት፣ ያን ኃይል የሚያመጣለት ደግሞ ይሄ ሽቦ ነው። ከሌለ ወይ ተጨማሪ ዕቃ ይገዛል ወይ አዲስ ሽቦ ይዘረጋል፣ ወጪውም በዚያው ይጨምራል። ቤት የሚገዛው ልጅ ዋጋ ሲያስተምን ይሄን ቀድሞ ያሳይ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሰው ሁለት የተለያየ ነገር ይቀላቅላል። አንዱ ሪቤት ነው። ከገዛሽ በኋላ፣ አንዳንዴም ስትገዢ እዚያው፣ የመብራት ኩባንያው ከዋጋው ላይ የሚመልስልሽ ማለት ነው። ሌላው ታክስ ክሬዲት ነው፤ የዓመቱን ግብር ስታሳውቂ ካለብሽ ግብር ላይ የሚቀነስ። ለቴርሞስታት ተብሎ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው።

ይሄን ለእማዬ ስነግራት «መብራት የሚሸጥ ሰው መብራት ቆጥቡ ብሎ እንዴት ገንዘብ ይሰጣል?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። የሚሰጠው ሕግ ስላለ ነው። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ኤምፓወር ሜሪላንድ የሚባል ሕግ አውጥታ ኩባንያዎቹ የደንበኞቻቸውን ፍጆታ የሚቀንስ ፕሮግራም እንዲያካሂዱ አደረገች። በጋ ላይ ከሰዓት በኋላ ሁሉም ሰው በአንዴ ኤሲ ሲከፍት፣ ለዚያች ጥቂት ሰዓት ሲባል ሌላ ማመንጫ ከመገንባት ሰዉ እንዲቆጥብ መክፈሉ ይረክሳል። ገንዘቡ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። በየወሩ በሚመጣልን የመብራት ቢል ላይ ኤምፓወር የሚል መስመር አለ፤ ከእኛው ኪስ የሚሰበሰብ ነው።

እትዬ፣ እኔን የሚቆጨኝ እዚህ ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳው፣ ሆስፒታል ሌሊት የሚያድረው፣ ፓርኪንግ የሚሠራው የኛ ሰው ያንን መስመር በየወሩ ይከፍላል። ከማውቃቸው ውስጥ ግን ሪቤቱን የጠየቀው በጣም ጥቂት ነው። አንዱ ፎርሙ እንግሊዝኛ ስለሆነ ይተወዋል፣ አንዱ ጊዜ የለውም፣ አንዱ ደግሞ «ይሄ ነገር ማጭበርበር ይሆናል» ብሎ ይፈራል። የራሱን ገንዘብ ነው ጥሎ የሚሄደው! ቤተክርስቲያን ከቅዳሴ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር የማወራው ይሄንኑ ሆኗል። እዚህ ሞንትጎመሪ ካውንቲ 311 ደውሎ አማርኛ የሚያስተረጉም ሰው መጠየቅ ይቻላል፤ ይሄንንም የማያውቅ ብዙ ነው።

ሪቤቱ ከኩባንያ ኩባንያ ይለያያል፣ በየጊዜውም ይቀየራል። በአሜሪካ ብዙ ቦታ ለአንድ ቴርሞስታት ከ50 እስከ 100 ዶላር አካባቢ ነው። አንድ ብቻ ለሚሰቅል ሰው ነገሩ ቀላል ነው። እንደኛ ሦስት ለሚሰቅል ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት «የምትመልሱት በቴርሞስታት ነው ወይስ በቤት?» ብሎ ነው። በአንድ የመብራት ሂሳብ ቁጥር አንድ ወይም ሁለት ብቻ የሚቀበሉ አሉ። ትልቁ ወጪ ያለው ደግሞ ሰሌዳውና ዳምፐሮቹ ላይ ነው፣ እነሱን የቴርሞስታት ሪቤት አይነካቸውም። ስለዚህ ሪቤት አለ ብሎ ብቻ ቤቱን በዞን የሚከፍል ሰው ሂሳቡ አይመጣለትም። እኛ ያደረግነው ለእማዬ ብለን ነው፣ አሁንም ቢሆን ደግሜ አደርገዋለሁ።

ሌላው፣ ዕቃው ኢነርጂ ስታር የሚል የኃይል ቆጣቢነት ማረጋገጫ እንዲኖረው ይጠይቃሉ። ያ ከሌለ ምንም ያህል ስማርት ቢሆን አይመልሱም። ደረሰኙን፣ የሞዴል ቁጥሩን፣ ካርቶኑን ሳይቀር አስቀምጡ። ማመልከቻው ቀነ ገደብ አለው፣ እሱም ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ነው የሚቆጠረው። ቁጠባውንም በልኩ መጠበቅ ነው። ኢነርጂ ስታር ራሱ የሚለው በአማካይ ከማሞቂያና ከማቀዝቀዣ ወጪ 8 በመቶ ገደማ፣ በዓመት 50 ዶላር አካባቢ ነው። ሻጭ መጥቶ «የመብራት ቢልህን በግማሽ እቀንስልሃለሁ» ቢለው የጋሼ የእህት ልጅ እንዳይሰማው።

የፌዴራሉ ታክስ ክሬዲት ነው ጊዜው ያለፈው። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው ሕግ ቤቱን ኃይል ቆጣቢ ለሚያደርግ ሰው የወጪው 30 በመቶ ከግብሩ ይቀነስለት ነበር፤ ለሂት ፓምፕ ጣሪያው በዓመት 2,000 ዶላር። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 የተፈረመው ሕግ ይሄን አስቀረው። ከዲሴምበር 31 ቀን 2025 በኋላ የተገጠመ አይታሰብም። የሚቆጠረውም ገንዘቡ የተከፈለበት ቀን ሳይሆን ማሽኑ ተገጥሞ ሥራ የጀመረበት ነው። እኛ በኅዳር ስላስገጠምን ደርሰንበታል። የጋሼ የእህት ልጅ ግን አሁን ቢገዛ አያገኘውም፣ ታገኛለህ የሚለው ካለም ይጠንቀቅ።

ዋጋ ሊነግሩን ከመጡት አንዱ «ለቴርሞስታቶቹም 30 በመቶ ከፌዴራል ይመለስላችኋል» ብሎን ነበር። የግብር መሥሪያ ቤቱን ዝርዝር አወጣሁና አነበብኩት። ሂት ፓምፕ አለ፣ መስኮት አለ፣ በር አለ፣ ቴርሞስታት ግን ራሱን ችሎ የለም። አውቆ ይሁን ሳያውቅ እንጃ፣ እኛ ሌላ ሰው አሠራን።

ሂሳቡ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርሽ። እንበልና ሂት ፓምፑ ከነማስገጠሚያው 9,000 ዶላር ፈጀ፣ የመብራት ኩባንያው ደግሞ 1,000 መለሰ። 30 በመቶው የሚሰላው ከቀረው 8,000 ላይ ነው፣ 2,400 ይመጣል፣ ጣሪያው 2,000 ስለሆነ 2,000 ይያዛል። ይሄም ግብር ላለበት ሰው ነው። የዓመቱ ግብሩ 700 ከሆነ 700ው ይሰረዝለታል፣ የተረፈው በእጅ አይሰጥም፣ ወደሚቀጥለው ዓመትም አይዞርም። ልጆች ያሏቸውና ገቢያቸው ዝቅ ያለ ብዙ ወገኖቻችን ግብራቸው ወደ ዜሮ ስለሚወርድ ለነሱ ይሄ ባዶ ተስፋ ነበር። ባለቤቴና እኔ ሁለታችንም ስለምንሠራ ይጠቅመናል። ፎርም 5695 ይባላል፣ ከአምራቹ መለያ ኮድ ጋር ተሞልቶ የሚገባው እስከ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2026 ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አስገጥሞ እስካሁን ግብሩን ያላሳወቀ የምታውቂው ሰው ካለ ዛሬውኑ ንገሪው።

ገቢው ዝቅ ላለ ሰው ሪቤት ማሳደድም አያስፈልገው። ሜሪላንድ ውስጥ መሥፈርቱን ለሚያሟሉ ቤተሰቦች የቤታቸውን ማሞቂያና ሙቀት እንዳይወጣ የሚይዘውን የግድግዳ ሽፋን በነፃ የሚያድስ የስቴቱ ፕሮግራም አለ። አብዛኛው የመብራት ደንበኛ ደግሞ ቤቱን በነፃ መጥተው እንዲያዩለት መጠየቅ ይችላል፤ እንደ ሻወር ራስ ያሉ ቀላል ዕቃዎችን እዚያው ቀይረው ይሄዳሉ። ተከራይ ከሆነ ቴርሞስታቱን ከመንካቱ በፊት አከራዩን በጽሑፍ ያስፈቅድ።

አንድ ነገር አልተስማማሁበትም። ኩባንያው በበጋ ሙቀት ሲበረታ ቴርሞስታቱን ከሩቅ ሆኖ ትንሽ ከፍ እያደረገ ማቀዝቀዣውን የሚያሳርፍበት ፕሮግራም አለ፤ ለሚገባ ሰው ከቢሉ ላይ ይቀንሱለታል። ለብቻችን ብንሆን እገባ ነበር። እማዬ ግን ቀኑን ሙሉ ቤት ናት፣ ደም ግፊቷም ሙቀት አይወድም። ስለዚህ ቀርቶብኛል።

አሁን የእማዬ ክፍል 72 ፋረንሃይት ላይ ነው፣ በናንተ 22 ገደማ። ላይ ፎቅ ልጆቹ ሲተኙ 66 እናደርገዋለን፣ 19 አካባቢ ማለት ነው። ከዚያ በታች አናወርደውም። ሂት ፓምፕ በጣም አቀዝቅዘሽው ጠዋት በአንዴ ሙቅ ስትዪው መጠባበቂያው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳል፣ እሱ ደግሞ ቢል ይበላል። እማዬ ቁጥሩን ራሷ ታያለች፣ ሲበርዳት ራሷ ከፍ ታደርጋለች። መጀመሪያ ላይ ትፈራው ነበር። አሁን ጠዋት ተነስታ ወለሉ ላይ ካለው የአየር መውጫ ላይ ነጠላዋን ዘርግታ ታሞቅና ትከሻዋ ላይ ጣል ታደርገዋለች። እሁድ ስትደውዪ በቪዲዮ ታሳይሻለች።

ለጋሼ የእህት ልጅ ስልኬን ስጪው። የቨርጂኒያው ኩባንያ የራሱ ደንብ ስላለው የኛን ቀጥታ አይቅዳ። ቤቱን ሲያስመረምር የማሞቂያውን ዕድሜ፣ ስንት ዞን እንዳለውና ያቺ ሰማያዊ ሽቦ መኖር አለመኖሯን ያስጽፍ። የመብራት ኩባንያው ማን እንደሆነም ሻጩን ይጠይቅና ወረቀቱን ይላክልኝ፣ ቅዳሜ ከሰዓት እቤት ስለምሆን አብረን እናየዋለን። ምንም ዕቃ ግን ከዚያ በፊት እንዳይገዛ።

ለጋሼና ለልጆቹ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ወንድምሽ