የኮምፒውተር ክበብ ዘገባ፦ ሁለተኛው ኮንትሮል ሲ

ዘንድሮ ክበባችሁ ምን ሲሰራ ከረመ ለምትሉን፣ አብዛኛው ጊዜያችን ያለቀው ሲግናል ላይ ነው፣ የስልኩ ኔትወርክ ሳይሆን ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ ለፕሮግራም የሚልከው ቁጥር ያለው አጭር መልእክት። ኮንትሮል ሲ ስትጫኑ ተርሚናል ላይ የሚሮጠው ፕሮግራም የሚቆመው 2 ቁጥር ሲግናል ስለሚደርሰው ነው፣ ፕሮግራሙ ግን ሃንድለር የሚባል ፈንክሽን አስመዝግቦ "እሱ ሲመጣ ይሄ ይሰራ" ማለት ይችላል። 9 ቁጥርን ግን ማንም አስመዝግቦ አያስቀረውም፣ እሱ ከመጣ አለቀ።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ኮንትሮል ሲ በተጫነ ቁጥር "አለሁ" የሚል አጭር ፕሮግራም በሲ ቋንቋ ጽፋ መጣች፣ አስሬ ብንጫነው አስሬ አለሁ ይላል። ጓደኛዋ ያንኑ ፋይል በፍላሽ ወስዶ ከጎኗ ያለው ኡቡንቱ (የሊኑክስ ዓይነት) ማሽን ላይ ኮምፓይል አደረገው፣ ማለትም ኮዱን ወደሚሮጥ ፕሮግራም ቀየረው፣ አንዴ አለሁ አለ፣ ሁለተኛው ላይ ፕሮግራሙ ሞተ። ኮዱን መስመር በመስመር አስተያየነው፣ ያው ነው። ቫይረስ ነው ያለም ነበር። ሁለት ሳምንት ከፈለግን በኋላ ያገኘነው ልጁ ኮምፓይል ሲያደርግ "ሲ99 ብቻ" (የ1999ኙን የሲ ቋንቋ ደንብ ብቻ ተከተል) የሚል ኦፕሽን እንደሚጨምር ነው፣ ልዩነቱ ይቺው ናት።

ለምን መሰላችሁ፣ ሲስተም ፋይቭ በሚባለው የድሮ ዩኒክስ (የሊኑክስ ቀዳሚ ስርዓተ ክወና) ላይ ሃንድለር አንዴ ከተጠራ ምዝገባው ይሰረዛል፣ ሁለተኛው ሲግናል ሲመጣ ያልተመዘገበ ያህል ነው። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ1983 4.2 ቢኤስዲ በሚባለው የራሳቸው ዩኒክስ ምዝገባው እንዳለ እንዲቆይ አደረጉት። የሊኑክስ ከርነል "ሲግናል" የሚለው ሲስተም ኮል (ፕሮግራም ከርነሉን የሚጠይቅበት ጥሪ) ዛሬም በሲስተም ፋይቭ መንገድ ነው የሚሰራው፣ በፕሮግራሙና በከርነሉ መሀል ያለው የሲ ላይብረሪ፣ ጂሊብሲ፣ ነው የበርክሌይን ጠባይ የሚሰጠን፣ "ሲ99 ብቻ" ስትሉት ደግሞ ወደ ድሮው ይመልሳችኋል። እኔን ደስ ያለኝ ልጆቹ ጥፋቱን ራሳቸው ላይ ሲፈልጉ ከርመው ማኑዋሉን ከፍተው በራሳቸው እዚህ መድረሳቸው ነው፣ እውነት ለመናገር እኔም ከነሱ ጋር ነው የተማርኩት።

ከዛ በኋላ ሁሉንም ፕሮግራሞቻችንን ሲግአክሽን ወደሚባለው ሌላ የሃንድለር ማስመዝገቢያ ቀየርናቸው። እሱ በ1988 ከፖዚክስ (የዩኒክስ መሰል ስርዓቶች የጋራ ደንብ) ጋር የመጣ ነው፣ ምዝገባው ይቆይ ወይስ ይሰረዝ የሚለውን ለማንም አይተውም፣ ራስህ ትነግረዋለህ።

ሚያዝያ ላይ ደግሞ አንድ ወላጅ ማክ አዋሱን። ስክሪፕታችን ለፕሮግራሙ 10 ቁጥርን ይልክ ነበር፣ እዚህ ላቦራቶሪያችን ያለው ሊኑክስ ላይ 10 ለተጠቃሚ የተተወ ሲግናል ነው፣ ማክ ላይ ግን 10 ማለት የሚሞሪ ስህተት ነውና ፕሮግራማችን ወዲያው ወደቀ። ማክ ላይ የኛው ሲግናል 30 ነው፣ 30 ደግሞ ሊኑክስ ላይ መብራት ጠፋ ማለት ነው! ልጆቹ የዛኑ ቀን ቁጥሮቹን አጥፍተው በስም ጻፏቸው፣ በሁለቱም ላይ ሰራ።

ያልጨረስነው አለ። የ9ኛ ክፍሎቹ ስም የሚቀበል ፕሮግራም ሰርተው ነበር፣ ስም እየተጠበቀ ሲግናል ሲመጣ ንባቡ ይቋረጥና ስህተት ቁጥር 4 ይመለሳል፣ ሲግአክሽኑ ላይ "ንባቡን ቀጥል" የሚለውን ምልክት አላደረጉበትም። መስከረም ላይ ከዛው እንቀጥላለን፣ መመዝገብ የምትፈልጉ ማክሰኞና ሐሙስ ከ9 ሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ኑ።