ምጣዱን የረሳ ቤት ርካሽ አይባልም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ዝቅተኛ ገቢ ነዋሪዎች ቤት በተነሳ ቁጥር የሚወራው ስንት ተሠራ፣ ዕጣው መቼ ይወጣል፣ ቅድመ ክፍያው ስንት ነው የሚለው ነው። ቁልፉን የተረከበው ሰው ከዚያ በኋላ በየወሩ ለመብራት የሚከፍለው ግን አይወራም። የኮንዶሚኒየም ነዋሪ ነኝና እኔ ላንሳው።

ኃይል ቆጣቢ ቤት ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ጣሪያ ላይ የተደረደረ ሶላር ነው። አይከፋም። ግን የእኛን ካርድ የሚጨርሰው አምፖል ሳይሆን ምጣድ ነው። አንድ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፣ ያ ወፍራም ሸክላ እስኪግል ድረስ ደግሞ ገና አንድ እንጀራ ሳይወጣ መብራቱ ይቆጥራል። ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ሲጥድ ሕንፃው አይችልም፣ ብሬከሩ ይወርዳል፣ ከዚያ ደረጃው ላይ «ኧረ እናንተ፣ ተራ በተራ!» መባባል ነው።

የሚገርመኝ ኮንዶሚኒየም ሲጀመር ይህ ተረስቶ አልነበረም። በሕንፃዎቹ መሀል ለእንጀራ መጋገሪያ፣ ለልብስ ማጠቢያና ለበግ ማረጃ ተብሎ የጋራ ቤት ተሠርቷል፤ ኮሚናል የምንለው። ዛሬ ብዙ ቦታ ሱቅ ወይም ቢሮ ሆኗል። አንዴ በጋለ ምጣድ አራት ቤተሰብ ተከታትሎ ቢጋግር እኮ ለማጋል የሚባክነው ለአራት ይካፈል ነበር።

እዚህ ላይ ግን ታሪፉም መታየት አለበት። የመኖሪያ ቤት መብራት ዋጋው በእርከን ነው፤ የመጀመሪያው 50 ኪሎዋት ሰዓት ርካሽ ነው፣ ብዙ በተጠቀምክ ቁጥር ይወደዳል። ለብቻው ቆጣሪ ላለው ሰው ፍትሐዊ ነው። በአንድ ቆጣሪ የሚጋገርበት ኮሚናል እንደ አንድ ቤት ከተቆጠረ ግን ወዲያው ውዱ እርከን ላይ ይወጣል። ቀበሌ ቤት የኖረ ይህን ያውቀዋል፦ አንድ ግቢ ሙሉ አባወራ ቆጣሪ ተጋርቶ፣ ድሃው በሀብታም ዋጋ ይከፍላል። ስለዚህ የጋራ ቆጣሪ በሚጠቀሙበት ቤተሰቦች ቁጥር ተካፍሎ ይታሰብ።

ሌላው ፀሐይ ነው፣ እሱ እንኳ በነፃ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነች፣ የኅዳርና የታኅሣሥን ሌሊት ብርድ ሁላችንም እናውቀዋለን። በእነዚያ ወራት ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው። መኝታ ቤቱን ወደዚያ ማዞር ሲሚንቶም ብረትም አይጨምርም። እኛ ግን ያንኑ አንድ ዲዛይን መንገዱ ወደመራው አዙረን እናቆመዋለን፤ የመጨረሻ ፎቅ የደረሰው ደግሞ በቆርቆሮው ምክንያት ቀን ይጠበሳል፣ ሌሊት ይበርደዋል።

የፀሐይ ውኃ ማሞቂያም ከመጀመሪያው ከሮቶው ጋር አብሮ ይነደፍ። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ያለ ሮቶ አይሠራም። ሰው ከገባ በኋላ በየግሉ ጣሪያ ላይ እየወጣ ቆርቆሮ ከበሳ ደግሞ ክረምት ላይ ከላይ ያለው ጎረቤት ቤቱ ባልዲ ይደረድራል።

ከፒያሳም ከካዛንቺስም ሰው ተነስቶ ወደ ዳር ሄዷል፣ አዲስ ሕንፃም እየተመረቀ ነው። እናንተ ምረቃ ላይ ስትገኙ ኃላፊዎቹን ሁለት ነገር ጠይቁልን፦ የእንጀራ መጋገሪያው የት ነው? ቆጣሪውስ በማን ስም ነው?

የጀሞ ነዋሪ